የድስት ክዳን

ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ጎን ለጎን አስጠጋን፣
ቴሌቪዥኑ ፊት፣ ምንጣፉ ላይ፣ ሳሎኑን መንገድ አደረግን፤
የትልቁን ድስት ክዳን ሰጠሁሽ፦ "በይ ናርዶስ፣ መሪሽ ይኼ ነው፤
ሶፋው አደባባይ፣ ፍሪጁ መብራት፣ በሩ የሻርጃ ፖሊስ ነው።"
ሳቅሽ።
እኔ አልሳቅሁም። "ቀበቶ!" አልኩሽ፤
የእናትሽን ሻርፕ ከትከሻሽ እስከ ወገብሽ አሰርኩሽ።

እዚህ አገር አባት ልጁን አስፋልት ላይ አያስተምርም፤
ለሱ ጉልዛር አለ፣ ጺሙ በሂና የቀላ፤ በሰዓት ይቆጥራል፣ ደቂቃ አይምርም።
ቀን የሱ ነሽ፣ በነጯ ኒሳን፤
ማታ የኔ፣ በድስት ክዳን።

አንቺ "ኢንዲኬተር" ትያለሽ፣ እኔ "ፍሬቻ"፤
መብራቱ አንድ ነው፣ ስሙ ነው የተለየው ለብቻ።
"ስፖኪዮሽን እይ" ስል ትስቂያለሽ፦ "አባዬ፣ ይኼ የየት አገር ቃል ነው?"
የኔ ነው። ከጋላፊ ሚሌ አሥራ አንድ ዓመት ተሳቢ የነዳሁበት ነው፤
ግመል መሀል መንገድ ተኝታ ጎህ እስኪቀድ የጠበቅሁበት፣
ረዳቴ ታኮ ሲያኖር ጣቱን የተወበት።

መጀመሪያ ወደቅሽ፤
ትከሻሽን ዞረሽ ባለማየትሽ።
ሁለተኛም ወደቅሽ፤ ሙዌይላ አደባባይ ላይ ቆመሽ ቀረሽ፣
ከኋላሽ ክላክስ፣ ከጎንሽ ፈታኟ በጥቁር መነጽር፣
"ግቢ" አትል፣ "ቆዪ" አትል፤ መጻፍ ብቻ፣ መጫር።

ያን ማታ ክዳኑን ወረወርሽው፤
ግድግዳ መትቶ፣ ተሽከርክሮ፣ እግሬ ሥር ሲረጋ ዝም ብለሽ አየሽው።
"አንተማ ምን አለብህ!" አልሽ፤ "ሾፌር ነህ፤ አታውቀውም መውደቅ።"
ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ።
እናትሽ ከኩሽና ቀና አለች፤ እሷ ብቻ ነበረች የምታውቅ።

"ሰባት ጊዜ" አልኩሽ።
"ምኑ?"
"እኔ። እዚሁ። አንቺ አምስት ዓመትሽ፤
ለስምንተኛው የቀረኝ ብር ያንቺ ነበር፣ ለትምህርት ቤትሽ።
ፓርኪንግ ውድ ነው፣ አውቶቡስ ይሻላል ያልኳችሁ ውሸት ነው፤
እጄ ነው ያስቸገረኝ፤ አገር ቤት ክላክስ ሰላምታ ነው፣
ቀድሞ ያፈጠጠ ያልፋል፤ እዚህ ለካ ስድብ ነው።
ያስተማርኩሽ በሙሉ የወደቅሁበት ዝርዝር ነው።"

ዝም አልሽ። የተጣመመውን ጠርዝ በጥፍርሽ ዳበስሽው፤
ከዚያ ክዳኑን አንስተሽ እኔ ጭን ላይ አኖርሽው፦
"ንዳ።"
ነዳሁ።
"ትከሻህን!" አልሽኝ። ዞርኩ።
"አሁንም አላየህም፤ አንገትህ ነው የዞረው፣ ዓይንህ አይደለም።"
ሰባት ፈታኝ ያልነገረኝን ነገርሽኝ፤
ለራስሽም ነገርሽው መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልረሳሽውም።

ሦስተኛው ነሐሴ ነበር፤ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ የሚለጠፍ፤
ከአንድ የኬራላ አባት ጋር ቴምር ዛፍ ሥር ቆምን፣
እሱ ሲጸልይ፣ እኔ መኪና ስቆጥር ሲያልፍ።
ወጣሽ። አልሳቅሽ፣ አላለቀስሽ፣ ጫማሽን ታያለሽ።
"ምንም አይደል፣ ለአራተኛው…" ብዬ ነው የጀመርኩት፤
"አባዬ፣ አንገቴን አመመኝ፤ ስዞር ነው የዋልኩት።"

ዓርብ ዕለት የእናትሽን ባልደረባ ያሪስ ተዋስሽ፤
እኔ ከልማዴ የኋላውን በር ከፈትኩ።
"ጋቢና!" አልሽኝ፣ ወንበሩን በእጅሽ መታ መታ አድርገሽ።
ገባሁ። ቀበቶ አሰርኩ። ምንም አልተናገርኩ፤
የሌለ ፍሬን ብቻ በቀኝ እግሬ እየረገጥኩ።

ክዳኑ ዛሬም አለ፤ ተጣሟልና አይገጥምም፤
ወጡ ሲፈላ በጎን ያፏጫል፤
እናትሽ ግን አዲስ አትገዛም።